የማገገሚያ ቤቶችን በር የሚያንኳኳ ይኑር

መጠጥ ወይም ዕፅ ያቆመ ሰው ከሕክምና ሲወጣ ወደ ድሮ ሰፈሩና ጓደኞቹ ከተመለሰ ብዙ አይቆይም። አሜሪካ ውስጥ «ሶበር ሊቪንግ» (ከመጠጥና ከዕፅ ርቆ መኖር) የሚባሉት ቤቶች የመጡት ለዚህ ነው። ከእነዚህ መካከል ኦክስፎርድ ሃውስ ከሚባሉት የመጀመሪያው ቤት በ1975 እ.ኤ.አ. የተከፈተው እኛ ሐበሾች በብዛት በምንኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ነዋሪዎቹ ቤቱን በድምፅ ያስተዳድራሉ፣ ወጪውን ይጋራሉ፣ ተመልሶ የጠጣ ይወጣል።

እንዲህ ባለ ቤት የሚኖር ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ፍሪጁ ላይ የሳምንቱ የሥራ ተራ ተለጥፏል፤ «ቆሻሻ ማውጣት» ከሚለው ጎን የተጻፈውን ስሙን በጣቱ እየጠቆመ ሲያሳየኝ ፊቱ በራ። ለዓመታት ማንም ኃላፊነት ሰጥቶት አያውቅም። በአሪዞና ግዛት በማገገሚያ ቤቶች ስም የተፈጸመው የማጭበርበር ጉድ ይበልጥ ያንገበገበኝም ይህን ስላየሁ ነው።

እዚያ አጭበርባሪዎች በቫን ናቫሆዎችና ሌሎች የአገሬው ተወላጆች ወደሚኖሩበት ምድር እየሄዱ፣ ምግብ፣ አልጋና ሕክምና አለ እያሉ ሰዎችን ፊኒክስ ከተማ ያወርዱ ነበር። በአንዳንዶቹ ቤቶች መጠጡን የሚያቀርበው ቤቱ ራሱ ነበር፤ የዳነ ሰው ገንዘብ አያመጣማ! ገንዘቡ የሚመጣው ከኪራይ ሳይሆን፣ ላልተሰጠ ሕክምና የመንግሥትን የጤና መድን ከሚያስከፍሉ ክሊኒኮች ነበር። ቤተሰብ የጠፋ ልጁን ፎቶ ይዞ ጎዳና ለጎዳና ፈለገ፤ ሞተው የተገኙም አሉ። ግዛቱ በግንቦት 2023 ለክሊኒኮቹ የሚከፈለውን ማገድ ጀመረ፤ ጉዳቱ በኋላ እስከ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ።

አሪዞና እኮ ከ2018 ጀምሮ የፈቃድ ሕግ ነበራት። ግን ብዙዎቹ ያለ ፈቃድ ሲሠሩ በራቸውን ያንኳኳ አልነበረም። ስለዚህ ፈቃድ ይውጣ ማለት ብቻ አይበቃኝም። ተቆጣጣሪ ሳይነግር ይምጣ፤ ነዋሪውን ባለቤቱ በሌለበት ለብቻው ያነጋግረው። ነዋሪው ስልኩን አይነጠቅ። ቤቱ በላከው ሰው ቁጥር ከክሊኒክ ገንዘብ መቀበሉን ወንጀል የሚያደርገው የፌዴራል ሕግ በተግባር ይዋል፤ የማጭበርበሩ ሥር ይሄ ነው።

ቁጥጥሩን እነዚህን ሰዎች ከሰፈራቸው ለማባረር የሚፈልጉት ጎረቤቶች አሉ። ከሱስ የሚያገግም ሰው የመኖሪያ መብቱ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነውና ሕጉ የሚይዘው ባለቤቱን እንጂ ነዋሪውን መሆን የለበትም።

እኛም ጋ ችግሩ አለ። ልጃችን ሱስ ውስጥ መግባቱን እንደ ገመና ደብቀን «ሌላ ስቴት ሥራ ጀምሯል» እንላለን፤ የት ቤት እንዳደረም ሄደን አናይም። ጠያቂ የሌለው ነዋሪ ደግሞ ለአጭበርባሪ የተመቸ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍያው ሲታገድ አንዳንድ ቤቶች ነዋሪዎቻቸውን ፊኒክስ ጎዳና ላይ ጥለዋቸዋል፤ አገራቸው የሰዓታት መንገድ ነው፣ መሳፈሪያም የላቸውም። ባለሥልጣን ቤት ሊዘጋ ሲሄድ፣ እዚያ ለሚያድሩት የሚሆን አልጋና መኪና በዚያው ዕለት ይዞ ይሂድ።