የአንጀኒን ጎርፍ ለሚለካው ሰው ቋሚ በጀት ይመደብ

የዩኒቨርሲቲዎቻችን የአካባቢ ጥናት ማዕከላት ሰሞኑን ምን ሠሩ ብሎ ዜና የሚከታተል ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ተመሳሳይ ነገር ነው። ዓውደ ጥናት ተካሄደ። የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። ችግኝ ተተከለ። አንዱንም አልነቅፍም። ከሁሉም የሚበልጠው ሥራቸው ግን ዜና ሆኖ አያውቅም። እሱም ክረምት ላይ፣ ዝናብ እየወረደ፣ ወንዝ ዳር የሚሠራው፣ ጎርፉ ስንት አፈር እንደሚወስድ የሚያሳየው ልኬት ነው።

አንጀኒን እንውሰድ። አንጀኒ ምዕራብ ጎጃም፣ ደምበጫ አካባቢ ያለች 113 ሔክታር ብቻ የሆነች ትንሽ ተፋሰስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1981 በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተጀመረ። ወሎ ላይ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ ላይ አንዲት ጥድ፣ ሌሎችም ጣቢያዎች ተቋቋሙ። አንጀኒ እ.ኤ.አ. በ1984 ተከተለች። የዚያ ሥራ ዋና ወራሽ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የውኃና የመሬት ሀብት ማዕከል ነው። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም በክልሉ ያሉትን ጣቢያዎች ሲይዝ ቆይቷል።

ሥራው እንዲህ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ ዝናቡን ይለካል፣ የወንዙን ከፍታ ያነብባል። ጎርፍ መጥቶ ውኃው ሲደፈርስ አንድ ሊትር በጠርሙስ ይቀዳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቀዳል። ውኃው እየጠራ ሲሄድ ብቻ ወደ 30 ደቂቃ ያራዝማል። ከዚያ ደለሉ ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ይመዘናል። ዝናቡ ሌሊት ከመጣ ሥራውም ሌሊት ነው። አገሪቱ ስለ አፈሯ የምታውቀው ብዙው ነገር የተገኘው ዝናብ እየመታቸው ጠርሙስ ከሞሉ ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

በየመድረኩ የምንሰማው ቁጥር እንኳ ከእነዚህ ጣቢያዎች የወጣ ነው። የፕሮግራሙ መሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ሃንስ ሁርኒ በታረሰ መሬታችን ላይ በዓመት በአማካይ ከአንድ ሔክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተው ነበር። ውፍረቱ ሲሰላ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። በዚህ አካሄድ 50 ዓመት ውስጥ አንድ ስንዝር አፈር ይሄዳል ማለት ነው። አባት ያረሰውን አፈር የልጅ ልጁ አያገኘውም።

ደግሞ መዝገቡ ከአማካይ ቁጥር ያለፈ ነገር ይናገራል። አንጀኒ ላይ ውኃው በጣም የሚደፈርሰው በክረምቱ መጀመሪያ ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ እየዘነበ ውኃው ግን እየጠራ ይመጣል። ሰኔና ሐምሌ ላይ የጤፍ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ ልሟል፣ ቡቃያ ገና አልሸፈነውም። ስለዚህ ዋናው ጉዳት የሚደርሰው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው። እንዲህ ዓይነት እውቀት በአንድ ዙር የመስክ ጉብኝት አይገኝም። አንድ ክረምት ደረቅ፣ ሌላው ጎርፍ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያሳየው ለዓመታት ሳይቋረጥ የተያዘ መዝገብ ነው።

የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። መዝገቡ የተያዘው በፕሮጀክት ገንዘብ ነው። ፕሮጀክት ደግሞ ያልቃል። የመንግሥት ለውጥ በነበረበት ሰሞን፣ በኋላም በፕሮጀክት ሽግግር ጊዜ፣ በአንዳንዶቹ ጣቢያዎች መዝገብ ላይ ክፍተት ተፈጥሯል። ያ ክረምት ተመልሶ አይመጣም። የጎደለውን ዓመት ማንም ባለሙያ፣ ማንም ኮምፒዩተር አይሞላውም። ቢገምት ነው።

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ስንት ሺህ ገበሬ ለተፋሰስ ሥራ በነፃ ጉልበቱ ይወጣል! እርከን ይሠራል፣ ክትር ይክባል። በሪፖርቱ ላይ የሚቀመጠው ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ የሚለው ነው። አፈሩ ቀረ ወይስ ሄደ? ይህን የሚመልሰው የደለሉ ልኬት ብቻ ነው። አንዳንዱ ገበሬ እርከኑ መሬት ይሻማል፣ በሬ ለማዞር አይመችም፣ ውኃ ያቁራል ብሎ ያማርራል። ዝናብ በሚበዛበት እንደ አንጀኒ ባለ ቦታ ውኃ የማቆሩ ነገር እውነት መሆኑን ጥናቶችም አይተውታል። ስለዚህ ገበሬውን ሰነፍ ከማለት በፊት መለካት ይቀድማል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ከጎጃም ማሳ ከታጠበው አፈር ብዙው በየመንገዱ ይቀራል፣ የተረፈው ግን መድረሻው እዚያ ነው። ለዚህ ሁሉ ሀብት ያዋጣ ሕዝብ ለጥቂት ጣቢያዎች የሚሆን ቋሚ በጀት አይጎድለውም። የለካዮቹ ደመወዝ፣ የጠርሙሱና የሚዛኑ ወጪ በፌዴራል ወይም በዩኒቨርሲቲው መደበኛ በጀት ይያዝ። ለጋሽ ሲመጣ ተጨማሪ ጥናት ይሥራበት እንጂ የዕለቱ ልኬት በእሱ ፈቃድ አይንጠልጠል።

ማዕከላቱም የቤት ሥራ አለባቸው። ውጤቱ በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ይቀራል። መታተሙ መልካም ነው፣ ተመራማሪም በዚያ ነው የሚያድገው። ግን አንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ ግንቦት ላይ፣ እርሻው ሳይጧጧፍ፣ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ ይድረስ። ባለፈው ክረምት በየትኛው ሳምንት ብዙ አፈር እንደሄደ፣ የትኛው እርከን እንደያዘና የትኛው እንደተናደ ይጻፍበት። ጥር ላይ ጉልበቱን የሰጠው ገበሬም በቀበሌው ስብሰባ ላይ ይነበብለት፣ ጥያቄ ካለውም ይጠይቅ።