ቀለም ለመቀባት ይህ ሁሉ ብር?

ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዋሽንግተን ላይ የሆነውን ሳታዩ አትቀሩም። ፕሬዚዳንት ትራምፕና የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ጀሮም ፓወል ነጭ ሄልሜት ደፍተው ካሜራ ፊት ቆመዋል። ትራምፕ የዋና መሥሪያ ቤቱ እድሳት 3.1 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል አሉ። ፓወል ራሳቸውን ነቀነቁ። ትራምፕ ከኮታቸው ኪስ ወረቀት መዘዝ አድርገው ሰጧቸው። ፓወል አየት አደረጉና፣ ሦስተኛ ሕንፃ ተጨምሮበት ነው፣ እሱ ደግሞ ካለቀ አምስት ዓመቱ ነው አሉ።

ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ የግንባታ ሳይት ላይ ያረጀሁት ሰውዬ ግን ለፓወል አዘንኩላቸው።

ከጀርባው የወለድ ጠብ እንዳለ ይታወቃል፤ ትራምፕ ባንኩ ወለድ ይቀንስ እያሉ ፓወልን ይወቅሱ ነበር። እሱን ለኢኮኖሚ ሰዎች ልተወውና ወደ ሂሳቡ ልግባ። መጀመሪያ 1.9 ቢሊዮን የተባለው እድሳት 2.5 ቢሊዮን ደረሰ። የሚታደሱት ሁለት ሕንፃዎች ናቸው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠሩ። ከዚያ ወዲህ ሙሉ እድሳት አላዩም። ሲከፈቱ ከተገመተው በላይ አስቤስቶስ፣ ማለትም ለጤና አደገኛ የሆነ የድሮ የግንባታ ቁስ፣ ወጣ። አፈሩ እርሳስ ተገኘበት። ወደ ላይ እንዳይሠራ የከተማው የከፍታ ገደብ አለ፤ ወደ ታች ሲቆፈር ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው። ዕብነ በረዱ ቅንጦት ነው ተብሎም ተወቅሷል። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ባንኩ የመስታወት ግድግዳ ሲያስብ ዕብነ በረዱ ይብዛ ብለው የገፉት ትራምፕ የሾሟቸው የኪነ ጥበብ ኮሚሽን አባላት ነበሩ።

ባንኩም ግን ከጥፋት ነፃ አይደለም። የሳይቱን ቪዲዮና ማብራሪያ ድረ ገጹ ላይ የለጠፈው ወቀሳው ከጦፈ በኋላ ነው። ያኔ ሰው የራሱን መልስ ይዞ ጨርሷል።

ይህ ነገር ወደኛም ይመጣል። ባንኮቻችን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሲሠሩ ከረሙ፤ የንግድ ባንክ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሕንፃ በ2014 ተመርቋል። ከሥሩ ግን ፈረንሳዊው አርክቴክት ሄንሪ ሾሜት የነደፈው፣ በ1950ዎቹ የተሠራው ክቡ ባንክ አለ። እንደኔ ከሆነ ከረጅሙ ይልቅ እሱ ያምራል። እንዲህ ያለ ቤት ሲታደስ በመስታወትና በአሉሚኒየም መሸፈን ቀላሉ መንገድ ነው፤ ከውጭ ያብለጨልጫል፣ ለምርቃት ፎቶም ይመቻል። በአግባቡ ማደስ ግን ውድ ነው፣ ገንዘቡም የሚገባው ዓይን የማያየው ቦታ ነው። ስለዚህ የሚያድስ ተቋም ኮርኒሱን በከፈተ ቀን ያገኘውን ለሕዝብ ያሳይ። ገንዘቡ የአስቀማጩ ነው።

ይህን የተማርኩት ተቆጥቼ ነው። አንድ የገንዘብ ተቋም ዋና መሥሪያ ቤት ስናድስ፣ ውሉ ላይ የነበረው ቀለም፣ ኮርኒስና ሴራሚክ ነው። ኮርኒሱን ስናወርድ በፌስታል የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ሽቦ አገኘን። የውሃ ቱቦው በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ፕላኑ ላይ የለም የተባለ ግድግዳ ቆሞ አለ፣ አለ የተባለው የለም። ተጨማሪ ሥራ ብለን ጻፍን። ከፋይናንስ የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፦ «ቀለም ለመቀባት ይህ ሁሉ ብር?»

ሦስት ደብዳቤ ጻፍን። ወር አለፈ። ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ይውላል፣ የቀን ሂሳቡ ይቆጥራል። በመጨረሻ ፎርማናችን ጋሼ ከቱቦው ክንድ የሚያህል ቆርጠው በጋዜጣ ጠቀለሉና ይዘን ወጣን። የፋይናንስ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፈቱት። ዝገቱ ወረቀቶቹ ላይ ተበተነ።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ «እኛ የምንጠጣው በዚህ የሚመጣውን ነው?» አለ።

ክፍያው በሳምንቱ ወጣ።