ያልተቆጠረ ተኩላ በኮታ አይታደንም

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ እንስሳት እርባታ በተጠራ ስብሰባ አንድ ባለሙያ ተነስተው ተናገሩ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ተኩላ በዝቶ በግ እየጨረሰ ነው፤ በፈቃድና በኮታ ይታደን፣ ወጥመድም ይጠመድለት አሉ። «አሜሪካኖቹም የተቆጣጠሩት እንዲህ ነው» ብለው ጨመሩበት። አዳራሹ አጨበጨበ። ንግግሩም አናዶኛል፣ ጭብጨባው ግን ባሰብኝ።

እሺ፣ ከአሜሪካኖቹ እንጀምር። ዊስኮንሲን የሚባለው ግዛት በፈረንጆቹ የካቲት 2021 የተኩላ አደን ከፈተ። ፈቃድ ለያዙ አዳኞች የተሰጠው ኮታ 119 ነበር። ሦስት ቀን ሳይሞላ 218 ተኩላ ተገደለ። በሦስት ቀን! እዚያ እኮ አንዳንዱ ተኩላ አንገቱ ላይ ሬዲዮ ታስሮለታል። አዳኙም የገደለውን በ24 ሰዓት ውስጥ የማስመዝገብ ግዴታ ነበረበት። ያ ሁሉ ሥርዓት ያላስቆመውን ጥይት በእኛ በጮቄ ወረዳዎች፣ ስናን ላይ ወይም ቢቡኝ ላይ፣ ማን ያስቆመዋል? በአንድ ሞተር ሳይክል ወረዳውን ሙሉ የሚዞር ባለሙያ?

ኮታ ማለት ቁጥር ነው። ከመቶው አሥሩን ትቀንሳለህ። መቶው ካልታወቀ አሥሩ ከየት መጣ? የጮቄን ተኩላ ማን ቆጠረው? ባለሙያው «በዝቷል» ያሉት በየትኛው መስፈሪያ ሰፍረው ነው? ገበሬው ሲያማርር ሰምቼ ነው ካሉኝ፣ ገበሬው የሚቆጥረው የጎደለበትን በግ ነው። በጉን ማን እንደበላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያየ የለም። ማታ ከሆነ ጅብ ሊሆን ይችላል። ቀን ከሆነ ከከተማ የወጣ ባለቤት የሌለው ውሻ ሊሆን ይችላል። ጠዋት የሚገኘው ደምና ትንሽ ጸጉር ነው። ስሙ ግን ሁሌም «ተኩላ በላው» ነው። እኔም በልጅነቴ እረኛ ነበርኩ። ሁለት ግልገል ጠፍተውብኝ ለአባቴ «ተኩላ በላብኝ» አልኩት። ተኩላውን በዓይኔ አላየሁትም፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። አባቴም አመነኝ፤ ለጎረቤት ነገረ፤ ጎረቤት ለመንደሩ ነገረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ምስክርነት ተደምሮ ነው ዛሬ ኮታ ሊሆን የተፈለገው።

ስሙም ቢሆን ገና አልጠራም። አንዱ መንደር ቀበሮ የሚለውን ሌላው ተኩላ ይለዋል። በሰው መፍረድ አይቻልም፤ ተመራማሪዎቹም ለረጅም ዘመን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር አንድ አድርገው ሲጽፉት ኖረዋል። በእኛ ደጋ ያለው እንስሳ የተኩላ ዘር መሆኑን በዘረመል ያሳዩት በፈረንጆቹ 2011 ነው። በጠቅላላው የአፍሪካው ከእስያው የተለየ ዝርያ ነው ያሉት ደግሞ በ2015። ማንነቱ ትናንት የተለየን እንስሳ ዛሬ በኮታ ልንገድለው ነው?

ቀይ ቀበሮ ደግሞ ሌላ ነው። እሱም የተኩላ ዘር ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም። ጮቄም ላይ ነበረ። አሁን የለም። ጓሳው እየታረሰ ገብስና ድንች ሲሆን መኖሪያ አጣ። አንድ ዘር አጥፍተን የተማርነው ነገር ቢኖር ኖሮ ያ ጭብጨባ አይሰማም ነበር።

«አርሲና ባሌ በደጋ አጋዘን አደን ዶላር ያገኛሉ፣ እኛስ?» ያሉም ነበሩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! የደጋ አጋዘን አዳኝ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ለቀንዱ ነው። ለጮቄ ተኩላ ያን ያህል የሚከፍል አንድ ሰው ያሳዩኝ። «ተኩላ ምን ይጠቅማል?» ለሚለውም መልሱ ሩቅ አይደለም። አይጥና ፍልፈል ይበላል። አይጥ በማሳው ላይ ምን እንደሚሠራ ገብስ የሚዘራ ሰው ይጠየቅ።

ወጥመዱ ደግሞ ዓይን የለውም። በጮቄ ተዳፋት ላይ በባዶ እግራቸው በግ የሚከተሉ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች አሉ። የተኩላን እግር የሚሰብር ብረት የልጅን እግር ይምራል? ስለ ጥይቱ ብዙ አልልም። ዛሬ ጎጃም ውስጥ ጥይት ሲጮህ ሰው ምን ብሎ እንደሚደነግጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ገበሬው በግ ይጎድልበታል፤ አልክድም። አንዲት በግ የማዳበሪያ ዕዳ ትከፍላለች፣ የልጅ ደብተር ትገዛለች። ግን እውነቱን እንነጋገር። እረኛ ጠፍቷል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ መሆንም አለባቸው። ግጦሹ ታርሶ በጉም ተኩላውም አንድ ሸንተረር ላይ ተጣበዋል። ውሻው ደግሞ ያለ ከልካይ ይዞራል። በባሌ በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀይ ቀበሮውን የፈጀው ከቤት ውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ያው ውሻ በግ ይበላል፣ ሰውም ይነክሳል። በዚያ ስብሰባ ላይ ስለ ውሻ አንዲት ቃል አልተነሳችም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ለወጥመድ የሚሆን በጀት ካለ ለውሻ ክትባት ይዋል። ጎረቤቶች ተባብረው አንድ ትልቅ ሰው በእረኝነት እንዲቀጥሩ ይታገዙበት። ጋጣ ላልሠራ ጋጣ ይሠራለት። ባለሙያው ግን አሁንም ኮታ ካሉ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ የጮቄን ተኩላ ቁጥር በወረቀት ይዘው ይምጡ። ማን እንደቆጠረው፣ በየትኛው ወርና በየትኛው ሸንተረር እንደቆጠረው ይጻፍበት። እኔም እመጣለሁ።