የገዛ ሥራዬን ለመክፈት ስንት ጊዜ ልክፈል?

ትናንት ማታ አንድ ድምፃዊ ደወለልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ያቀናበርኩለት የሠርግ ዘፈን አለ። «ድምፄን አጥፍተህ ሙዚቃውን ብቻ ላክልኝ፣ ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ» አለ። ምን አላት ብዬ «ሻይ እስኪፈላ ይደርስሃል» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው!

የዘፈኑን ፋይል ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው የማሲንቆው ሪቨርብ (አዳራሽ ውስጥ እንዳለ የሚያስተጋባው ድምፅ) የለም። ከበሮው ላይ ያደረግኩት፣ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርበው ኮምፕረሰርም የለም። ማሲንቆው ደርቆ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ጥፍር የሚፍቅ ሰው መስሎ ቁጭ ብሏል። ጥፋቴ ላፕቶፑን አፕዴት ማድረጌ ነው። እነዚህን የሚሠራልኝ የድሮው ተጨማሪ ፕሮግራም (ፕለጊን) በአዲሱ ሲስተም አይሠራም፤ አዲሱን ከፈለግህ ክፈል ይላል። ገዝቼዋለሁ እኮ! ደረሰኙ ኢሜይሌ ውስጥ አለ።

ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ 6,000 ብር የማይሞላው 100 ዶላር ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ካርዱም የኔ አይደለም፤ ቨርጂኒያ ያለችውን የአክስቴን ልጅ መለመን አለብኝ። «አንተ ደሞ፣ አምና ገዛሁልህ አይደል እንዴ?» ስትለኝ ምን ልበላት?

ለአዲስ ነገር መክፈል አይቆጨኝም። ኤብልተን ላይቭ 12 የሚባለው የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በ2024 እ.ኤ.አ. ቅኝት መቀየሪያ ይዞ ሲመጣ ደስ ብሎኛል፤ ክራርን በፒያኖ ቅኝት ከማስጮህ ይገላግላል። እንዲህ ላለው ተበድሬም እከፍላለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬም እንዲሠራ መክፈሌ ነው። የተቀየረው ደግሞ የቁልፎቹ ቀለም!

አይቻልም እንዳይሉኝ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን ማቀናበሪያ አንዴ የገዛ ሰው አዲሱን ሁሉ በነፃ ያገኛል። ሪፐር የሚባለው ሌላ ማቀናበሪያ የ60 ዶላር ፈቃዱም ሁለት ትልልቅ ቨርዥን ያስኬዳል። ሌሎቹ ምን ሆነው ነው?

«ክራክ አድርገው» (ሳትከፍል የተሰበረውን ቅጂ ጫን) የምትሉኝ ተዉኝ። ከክራክ የወጣሁት ደንበኛ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ድምፆቹን ሳዋህድ መሐል ላይ ፕሮግራሙ ድርግም ብሎብኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ልሁን ብዬ መክፈል የጀመርኩት፤ ይኸው ዋጋዬን አገኘሁ።

እስካሁን አልከፈልኩም፣ ሪቨርቡን ላፕቶፑ ውስጥ ባገኘሁት ሌላ እየተካሁ ነው። አይመስልም። ድምፃዊው አሁን በቴሌግራም ጽፏል፦ «ወንድሜ፣ ሻዩ አልፈላም?»