«ባሕር የለንም፣ ሻርክ ምን አገባሽ?» ተባልኩ

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ስሙኝ።

ያው የእሁዱ ቡና ነው፤ የት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «አንድ ቀን እኔ የመረጥኩትን ፊልም እናያለን» ስል ከርሜ ዛሬ ተራዬ ደረሰ። በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። እሱን ለማውረድ ስንት ጥቅል እንደጨረስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት ሌሊት መብራት ጠፍቶብኝ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

ፊልሙ ሻርክዋተር ነው። ሮብ ስቱዋርት የሚባል ካናዳዊ ጠላቂ በ2006 ያወጣው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ልጁ ሻርኮች መሃል ገብቶ አብሯቸው ይዋኛል። ምንም አያደርጉትም። ከዚያ ደግሞ ሰው ምን እንደሚያደርጋቸው ያሳያል። ክንፋቸውን በቢላ ይቆርጡና ቀሪውን፣ ነፍሱ ሳይወጣ፣ ወደ ባሕር ይወረውሩታል። ክንፍ የሌለው ሻርክ መዋኘት አይችልም። ዝም ብሎ ወደ ታች ይሰምጣል። ስንቴ አይቼዋለሁ፣ እዚያ ስደርስ ሁሌም ጉሮሮዬ ይታነቃል።

ዛሬም ልክ እዚያ ላይ ስንደርስ ጋሼ ሪሞቱን አነሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«ላንጋኖስ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ታዲያ ሻርኩ ላንጋኖ ድረስ መጥቶ ይበላኛል ብለሽ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ፊልሙ እኮ እነሱ እኛን ሳይሆን እኛ እነሱን...»

«ተይ ተይ። እኛ ባሕር የለንም። በሌለን ነገር ምን አንገበገበሽ? በይ ኳሱ ተጀምሯል።»

ቀየሩት! አንድ ሰው «ቆይ ይጨረስ» አላለም። ቡና የምታፈላዋ እንኳ ሳቀች። ይባስ ብሎ የአክስቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ቆይ ግን ያ ዓሣ ነባሪ ነበር አይደል?» አለኝ። ሃምሳ ደቂቃ ካየ በኋላ! ዓሣ ነባሪ ጡት አጥቢ ነው፣ ከውኃ ወጥቶ አየር ይስባል። ሻርክ ዓሣ ነው፣ በስንጥቡ ይተነፍሳል። ይሄን ሰው ስንቴ ላስረዳው?

መልሱ የመጣልኝ ታክሲ ውስጥ ነው። ጋሼ የዋልያዎቹን ማሊያ ለብሰው ነበር። ጋሼ፣ እርስዎስ ዋልያ አይተው ያውቃሉ? ሰሜን ተራራ ወጥተዋል? አልወጡም። ግን ዋልያ ጠፋ ቢባሉ አንጀትዎ ይቃጠላል። የኔም አንጀት እንደዚያ ነው የተቃጠለው። ይሄን ብላቸው ኖሮ! አላልኩም። ስኒዬን ይዤ አቀረቀርኩ።

የሚያበግነኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ እዚያ ቤት ጆውስን ያላየ የለም። ሰው ስለሚበላ ሻርክ የተሠራውን የ1975ቱን ፊልም። ሙዚቃውን ሁሉም በአፉ ያውቀዋል። እዚያ ፊልም ላይ ያሉትን እውነተኛ ሻርኮች የቀረጹት ሮን እና ቫለሪ ቴይለር የሚባሉ አውስትራሊያውያን ጠላቂዎች ናቸው። ሻርኩ ግዙፍ እንዲመስል ጠላቂ ከሻርክ የሚጠለልበት የብረት ፍርግርግ አነስ ተደርጎ ተሠርቶ አጭር ሰው ነው የገባበት። ማታለያ ነው! ከፊልሙ በኋላ ሰው ሻርክ ለመግደል ጀልባ ይዞ ሲወጣ ባልና ሚስቱ ደነገጡ። ከዚያ ወዲህ ሻርክ እንዳይገደል ሲሟገቱ ኖሩ። ግሬይ ነርስ የሚባለው ሻርክ ጥርሱ ስለሚያስፈራ ብቻ ይታደን ነበር፤ የሚበላው ግን ዓሣ ነው። እነሱና ሌሎች ጮኸው በ1984 በአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ውስጥ በሕግ እንዳይነካ ተደረገ። በዓለም ላይ በሕግ የተጠበቀ የመጀመሪያው ሻርክ እሱ ነው። የጆውስን መጽሐፍ የጻፈው ፒተር ቤንችሊ ራሱ ተጸጽቶ ለሻርኮች ሲከራከር ነው የሞተው። ጸሐፊው የተወውን ፍርሃት የኛ ሰፈር ሰው አልተወም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። ሻርክ ሳይነኩት አጥቅቶ የሚገድላቸው ሰዎች በመላው ዓለም በዓመት በአማካይ 10 አይሞሉም። ሰው የሚገድላቸው ሻርኮች ደግሞ፣ በ2013 በወጣ ጥናት ግምት፣ በዓመት 100 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። 100 ሚሊዮን! በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በሰፊው ውቅያኖስ የሚኖሩት ሻርኮችና ሬይ የሚባሉት ዘመዶቻቸው ከ1970 ወዲህ በ71 በመቶ ቀንሰዋል ይላል። እናቴ ልጅ ከነበረችበት ጊዜ እስካሁን ማለት ነው። ከዛፍ በፊት የነበረ ፍጥረት እኮ ነው።

ለምን? አንዱ ምክንያት ሾርባ ነው! ባለፈው ዓመት ከቻይናዋ ጓንዡ ዕቃ የሚያመጣው ዘመዳችን የሻርክ ክንፍ ሾርባ ፊት ተቀምጦ የለጠፈውን ፎቶ ታስታውሳላችሁ? ሁላችሁም የልብ ምልክት ሰጣችሁት። አይቻለሁ። ክንፉ እኮ ጣዕም የለውም። ጣዕሙ ከዶሮው መረቅ ነው የሚመጣው። ታዲያ ዶሮ ምን አነሰው? የኛን ዶሮ ወጥ የበላ ሰው ለዚያ ገንዘብ ይከፍላል? ያን ቀን ኮመንት ጽፌ ነበር። «አትቅኚ» ብሎ መለሰልኝ።

ባሕር የለንም ይሉኛል ደግሞ። ጋሼ የተቀመጡበት ሶፋ በየት የገባ ይመስላቸዋል? በጅቡቲ ነው። እዚያው ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ ይመጣል። የዓለም ትልቁ ዓሣ! የሚመገበው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትንና ትንንሽ ዓሣዎችን ነው። ሰው አጠገቡ ይዋኛል። ጎረቤታችን ነው፣ ግን ከኛ ቤት ማንም አያውቀውም። ገንዘብ እያጠራቀምኩ ያለሁት ለዚያ ነው። ዛሬ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ጎል ገባ። ተጮኸ። ተውኩት።

ሮብ ስቱዋርት ሞቷል። ይሄን ልነግራቸው ነበር ፊልሙ ሲያልቅ። በጥር 2017፣ ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ፊልም ሲቀርጽ። በዚያ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ጠልቆ ወጣ፣ ውኃው ላይ ታየ፣ ከዚያ ጠፋ። ሦስት ቀን ፈልገው ነው ያገኙት። 37 ዓመቱ ነበር። ፊልሙን ሌሎች ጨርሰው በ2018 አወጡለት። አንድ ሰው ሕይወቱን የሰጠበት ነገር እኛ ቤት እስኪያልቅ እንኳ የሚያየው አጣ።

ደክሞኛል። ፍላሼም እዚያው ቲቪው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ነገ ከሥራ ስወጣ ሄጄ አመጣዋለሁ፣ ቡና ጠጪ ቢሉኝም አልቀመጥም።