የአሳንሰራችን ወርቃማ ዝምታ

ከማዘጋጃ ቤት ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኝ ከሚያያቸው ሕንፃዎች በአንደኛው፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ ቢሮ ከተከራየሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለ ሕንፃችን አስተዳደር ኮሚቴ ብልሃት እስካሁን አንዲት መስመር አለመጻፌ ውለታ ቢስ እንዳያሰኘኝ ስለሰጋሁ፣ የዘገየ ምስጋናዬን እነሆ አቀርባለሁ።

አሳንሰራችን ጣሪያው ሥር ባለችው የማሽን ክፍል ውስጥ፣ በሞተሩና ገመዱን በሚያንቀሳቅሰው መዘውር መካከል፣ አንድ ጊርቦክስ አለው። በጊርቦክሱ ሆድ ውስጥ እንደ ቡሎን የተጠማዘዘ የብረት ዘንግ፣ የነሐስ ጥርስ ያለውን መንኮራኩር እየፈተገ ያዞረዋል። ፍትጊያው የማይቀር ስለሆነ መሐንዲሶቹ ከሁለቱ አንዱ መበላቱ ካልቀረ ለስላሳው ነሐስ ይበላ ብለው ፈርደዋል፤ ደግነቱ ነሐሱ ሳይናገር አያልቅም፣ በጉርምርምታ፣ በንዝረት፣ በሙቀትና በዘይቱ መልክ አስቀድሞ ያስታውቃል። የእኛው ጊርቦክስም ባለፈው ዓመት ይህን ግዴታውን በታማኝነት መወጣት ጀመረ፤ ሲነሣ ያጉረመርማል፣ ሲቆም ደግሞ ተሳፋሪውን አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ይለቃል። ችኩል ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ማሽኑን አቁመው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ በጥርሶቹ መካከል የተፈጠረውን ክፍተት ይለኩ ነበር። ኮሚቴያችን ግን ሁለት ስብሰባ ተቀምጦ ችግሩ የድምፅ መሆኑን ስለደረሰበት የማሽን ክፍሉን በር በስፖንጅ አስለበጠው። ከዚያ ወዲህ ጉርምርምታው ለተከራይ አይሰማም። ነቅነቅታውን በተመለከተም አንድ የኮሚቴ አባል «መድረሳችሁን የሚያስታውቃችሁ እሱ ነው» ብለው ስላስረዱን ቅሬታው በዚያው ተዘግቷል።

በዘይቱ ጉዳይ የታየው ጥበብ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቃል። የጊርቦክሱ መተንፈሻ ቀዳዳ አቧራ ያስገባል ተብሎ በቡሎን ተደፈነ። ሲሞቅ የሚያብጠው አየር መውጫ ቢያጣ ዘይቱን በማገጃው ጎሚኒ በኩል እየገፋ ያወጣው ጀመር፤ ጎሚኒው ሦስት ጊዜ ተቀየረ፣ ጎሚኒውን የሸጠው የመርካቶ ነጋዴም ሦስት ጊዜ ተረገመ። በመጨረሻ ከሥሩ የወተት ዱቄት ጣሳ ተቀመጠና ነገሩ እልባት አገኘ። ጣሳው በሞላ ቁጥር ጥበቃው ዘይቱን በጨርቅ አጥልሎ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። እየተንጠባጠበ የጎደለውን ለማሟላትም ፋብሪካው ያዘዘውን ዘይት ፍለጋ አልተደከመም፤ ከአንድ የኮሚቴ አባል የጭነት መኪና የተረፈ የካምቢዮ ዘይት በልግስና ተሰጠን። ከእንዲህ ዓይነቱ ዘይት ውስጥ፣ ብረት ከብረት ለሚጋጠምበት ጥርስ ተብሎ ድኝ ያለበት ቅመም የሚጨመርበት አለ፤ ይህም ቅመም በጋለ ጊዜ ነሐስን ራሱ ይበላል። ኮሚቴው ግን ስጦታን የሚመረምር ባለጌ አይደለም።

ፍሬውም ሳይውል ሳያድር ታየ። ጥበቃው አንድ ቀን ያጠለለበትን ጨርቅ ይዞ መጣና በላዩ የቀረውን ቢጫ ብልጭልጭ ብናኝ እያሳየኝ «ጋሼ፣ ወርቅ ይመስላል እኮ!» አለኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ሲባል እሰማ ነበር እንጂ፣ ዝም የተባለ ማሽን ወርቁን በጨርቅ አጥልሎ ሲሰጥ ያየሁት በዚያን ዕለት ነው። ኮሚቴያችን ሳይንስንም ይንቃል ብሎ የሚያማው ካለ ይፈርበት፤ ማግኔት አስገዝቶ ዘይቱ ውስጥ ካስነከረ በኋላ ማግኔቱ ንጹሕ ሆኖ ስለወጣ «ምንም ዓይነት የብረት ስብርባሪ አልተገኘም» የሚል ቃለ ጉባኤ ተፈርሟል። ነሐስ በማግኔት እንደማይሳብ በስብሰባው ላይ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም ተገኝቼ ነበር፤ ሻዬን እጠጣ ነበር።

ጭነት ለማቅለል የተወሰደው እርምጃም ሳይመሰገን አይታለፍም። ለ8 ሰው የተሠራችው ሳጥን ከ2 ሰው በላይ እንዳትይዝ ተወስኗል። በሌላኛው የገመዱ ጫፍ የተንጠለጠለው ማመዛዘኛ ክብደት ግን የሚመዝነው ባዶዋን ሳጥን ያህል፣ በላዩም የሙሉ ጭነቷን እኩሌታ ያህል በመሆኑ፣ ጊርቦክሱ እፎይ የሚለው 4 ሰው ገደማ ሲሳፈር ነው፤ 2 ሰው ሲገባ ክብደቱ ያይልና ጥርሱ ይጨነቃል። እንዲህ ባለ አሮጌ አሳንሰር ፍሬኑ የሚይዘው በሞተሩ በኩል ያለውን ዘንግ ነው። ስለዚህ የነሐሱ ጥርስ ተበልቶ ያለቀ ዕለት ፍሬኑ ዘንጉን ጨብጦ ይቀራል፣ መዘውሩ አርነት ይወጣል፣ ቀላሏ ሳጥንም በክብደቱ ተጎትታ ወደ ጣሪያው ትሮጣለች። ወደ ላይ የሚደረገውን ይህን ግልቢያ የሚገታ መሣሪያ እንዲኖር የአውሮፓ ደንብ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ የእኛው አሳንሰር ከዚያ በፊት የተሠራ በመሆኑ ከግዴታው ነፃ ነው። በሌላው ሕንፃ የሚወድቅ ሰው ወደ ታች ይወድቃል፤ የእኛ ተከራይ ግን ወደ ላይ የመውደቅ ተስፋ ያለው ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ቴክኒሻን ተጠርቶ ጊርቦክሱ ዛሬውኑ ቆሞ ይከፈት፣ ነሐሱም ከውጭ ይታዘዝ ቢል፣ ሰብሳቢው «ልጄ፣ እየሠራ ያለን ነገር ማን ይነካል?» ብለው በአባትነት መክረው አሰናበቱት። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን ነገሩን ችላ አላሉትም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ «አሳንሰሩ ለጊዜው አይሠራም» የሚል ማስታወቂያ በ9 ቅጂ ታትሞ፣ ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ አንድ እንዲደርስ፣ እንዳይቀደድም በላስቲክ እንዲለበጥ ተወሰነ። አሥረኛ ቅጂ በመጠባበቂያነት የማሽን ክፍሉ ውስጥ፣ ከጣሳው አጠገብ ተቀምጧል፤ ለዚህ አሳንሰር መለዋወጫ ሲገዛለት የመጀመሪያው ነው።