ለ12ኛ ክፍል ውጤት ማሽቆልቆል የተማሪዎች ምክር ቤት ተጠያቂ አይደለም

ልጄ በምትማርበት የድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰሞኑን አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። ከአሁን በኋላ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በተማሪዎች ምክር ቤትም ሆነ በክበባት የኃላፊነት ቦታ አይዙም፤ ከየክፍላቸውም ተወካይ አይመርጡም ትላለች። ቅዳሜ በተጠራው የወላጆች ስብሰባ ላይ ምክንያቱ ሲጠየቅ ርእሰ መምህሩ ልጆቹ በፈተና የሚወድቁት ጊዜያቸውን በስብሰባ ስለሚያባክኑ ነው አሉ፤ ቀጥለውም «የተማሪ ሥራ መማር ነው፤ መሪነቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይደርሳል» ብለው መለሱ። ብዙው ወላጅ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄን ባወጣም ዕድል ስላልተሰጠኝ የምለውን እዚህ እላለሁ።

በመጀመሪያ፣ የሚደርሰው ለማን ነው? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ የነገረን ራሱ ትምህርት ሚኒስቴር ነው። በ2016 ዓ.ም. ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደረሰ። በሬሜዲያል፣ ማለትም ማለፊያውን ላላመጡ በሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ የሚገቡትን ብንጨምርም እንኳ አብዛኛው ልጅ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ ሳይረግጥ ወደ ንግድ፣ ወደ ጋራዥ፣ ወደ ትዳር ይሄዳል። ነገ የዕድር ገንዘብ የሚይዘው፣ ሱቅ ከፍቶ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ስለ ሰፈሩ መንገድ የሚናገረው ይህ ልጅ ነው። «ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ» የሚለው መልስ እርሱን ከነጭራሹ አልቆጠረውም።

ልጆቹ የሚወድቁት ጊዜያቸውን በስብሰባ ስለሚያባክኑ ነው የሚለው ደግሞ ሊሰማ የሚገባው ክርክር አይደለም። በአንድ ትምህርት ቤት ምክር ቤት ውስጥ የሚቀመጡት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የወደቁት ግን በመላ አገሪቱ በመቶ ሺዎች ናቸው። በተከታታይ ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ሰምተናል፤ ከእነርሱ ስንቱ ጠንካራ የተማሪዎች ምክር ቤት ነበረው? ልጁ መጽሐፍ ሳይደርሰው፣ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ፣ መምህሩ ሴሚስተሩ ሲጋመስ ተቀይሮበት ለፈተና እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ሁሉ አልፎ ጥፋቱን በክፍል ተወካዮች ላይ መጫን በደካማ ላይ መበርታት ነው።

ተወካይነት ምን እንደሚያስተምር የማውቀው ደርሶብኝ ነው። 10ኛ ክፍል ሳለሁ፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ እንማር ነበር። የግንቦትን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ከደረቀ ሳምንታት አልፈውት ስለነበር ሴቶቹ ተወካያቸው አድርገው ላኩኝ። ጥያቄያችንን የጻፍኩባት ወረቀት በላብ ርሳ እጄ ላይ እስክትጣበቅ ድረስ ከቢሮው ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ተጠርቼ ስገባ የተሰጠኝ መልስ «በጀት የለም» የሚል ብቻ ነበር። ወደ ክፍል ስመለስ ሰባ የምንሆን ተማሪዎች ባለንበት ክፍል ሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። እኔም ፈራሁና «ሰኞ ይሠራል ብለዋል» አልኩ።

ሰኞ መጣ። ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ውሃውስ?» አለችኝ። መዋሸቴን በሰባ ልጆች ፊት ቆሜ የተናገርኩባትን ያቺን ቀን የሚያህል ትምህርት በየትኛውም የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። ሚኒስትር ቃሉን ቢያጥፍ ቃል የገባለትን ሕዝብ በየቀኑ ፊት ለፊት አያየውም፤ የክፍል ተወካይ ግን ቃሉን ካጠፈባቸው ጋር በማግስቱ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። «የለም» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ያንኑ «የለም» ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለላኩት ማድረስ፣ ቁጣቸውን መቀበል፣ ከዚያም ሌላ በር መፈለግ ግድ ይሆንበታል። እኛም ፈለግን። ጉዳዩን ለወላጆች፣ ለተማሪዎችና ለመምህራን ኅብረት ወስደን ሁለት በርሜል ተገዛልን፤ በየክፍሉ ተራ አውጥተን እየሞላን ዓመቱን ጨረስን።

ይህ ለድሬዳዋ ልጅ ድርብ ትርጉም አለው። ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ ከከዚራ ሰፈርም ከመጋላም የመጣ ልጅ አንድ ክፍል ይገባል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ዴስክ ይነገራሉ። የሁሉም ተወካይ ልሁን ያለ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሚናገሩት ጋር ብቻ ተማክሮ ሊወስን አይችልም፤ ቢሞክር በማግስቱ ክፍሉ ይከፈልበታል። ይህን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ያልተለማመደ ሰው በአርባ ዓመቱ ወንበር ሲሰጠው ይለምደዋል ብዬ አላምንም።

የክፍል አለቃ ተብሎ የረባሾችን ስም እየጻፈ ጓደኞቹን የሚያስገርፍ ልጅ እንደነበረ አልክድም። ይሁን እንጂ ያ ልጅ በመምህር የተሾመ እንጂ በጓደኞቹ የተመረጠ አልነበረም፤ ሪፖርት የሚያቀርበውም ወደ ላይ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ምርጫውን ማጽዳት ነው እንጂ ተወካይነትን መሰረዝ አይደለም።

ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሁሉ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት እንዳላቸው፣ ሐሳባቸውም እንደ ዕድሜያቸውና እንደ ብስለታቸው ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። ቅዳሜ ዕለት ወላጅ ተጠየቀ፣ መምህር ተጠየቀ፤ ከ12ኛ ክፍል ግን አንድም ተማሪ በአዳራሹ አልነበረም። ልጄ ሰኞ ማታ «ውሳኔው እንዲነሣልን ማን ሄዶ ይጠይቅልን?» አለችኝ። ወትሮ ተወካያቸው ትሄድላቸው ነበር፤ እርሷን የሻረቻት ያችው ወረቀት ናት።